የባሕር ውሃ ገንዳና የኮራል አያያዝ፦ አደራው በእኛ እጅ ሲወድቅ

ባለፈው እትም ስለ ጋዝ ሲሊንደር ጥንቃቄ ተነጋግረን ነበር። የዛሬው ትምህርት ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሦስት እህቶች በተለያየ ጊዜ ስለጠየቁኝ ልጽፈው ወሰንኩ።

በአንዳንድ የአደን ቤቶች ሳሎን ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ይቀመጣል። ውስጡ የባሕር ውሃ፣ ባለ ቀለም ዓሦችና ኮራል አለበት። የገዛው ባለቤቱ ነው፤ ጠባቂዋ ግን ብዙ ጊዜ እኛ ነን። «ዓሦቹን ቀልቢ፣ ውሃውን ሙዪ» ይባላል፤ ከዚያ ሰውየው ለሥራው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ ገንዳው ከእኛ ጋር ይቀራል። እኛ ደግሞ አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች ነን። ባሕርን መጀመሪያ ያየነው በኦቦክ በኩል ስንሻገር፣ ያውም በጨለማና በፍርሃት ነው። ስለ ባሕር ውሃ ማን አስተምሮን ያውቃል?

እኔ ያጠፋሁት ጥፋት

ከዓመታት በፊት ኮርማክሳር ሰፈር አንድ ቤት እሠራ ነበር። ገንዳው 200 ሊትር ይይዛል። ውሃው በየቀኑ እየጎደለ ሲሄድ አየሁ። «እነዚህ የጨው ውሃ ዓሦች ናቸው፣ ስለዚህ የሚጨመረውም የጨው ውሃ መሆን አለበት» ብዬ በገዛ አእምሮዬ አሰብኩ። ከባለቤቱ የጨው ከረጢት እየዘገንኩ፣ በባልዲ እየበጠበጥኩ እሞላ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ኮራሎቹ ተኮማተሩ፣ ሁለት ዓሦች ሞቱ። የአንድ ወር ደመወዜ ተቆረጠ። ለታናሽ ወንድሜ ትምህርት ቤት የምልከው ገንዘብ ነበር።

አሁን ሳስበው ማዳም ክፉ ሆና አይደለም፣ እኔም ሰነፍ ሆኜ አይደለም። እሷ አላሳየችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ይህን ትምህርት የምጽፈው በእኔ የደረሰ በእናንተ እንዳይደርስ ነው።

1. ኮራል ምንድን ነው?

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ድንጋይ አይደለም። ተክልም አይደለም። ትንንሽ አፍ ያላቸው ብዙ እንስሳት አንድ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩበት ነው። በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ አለ። አልጌው ከብርሃን ምግብ ይሠራል፣ ለኮራሉም ያካፍለዋል። ጠንካራ የሆኑት ኮራሎች ከውሃው ካልስየም እየወሰዱ አጥንታቸውን ይሠራሉ። እኛ ድንጋይ የምንለው ያንን አጥንት ነው።

ውሃው ሲሞቅ ወይም ሲበላሽ ኮራሉ አልጌውን ይተፋል፣ ነጭም ይሆናል። ነጭ ሆነ ማለት ወዲያው ሞተ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ተርቧል፣ ቶሎ ካልተረዳ ይሞታል። በ1998 እ.ኤ.አ. የሕንድ ውቅያኖስ ውሃ ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ ሶቆጥራን ጨምሮ በዚህ አካባቢ ብዙ ኮራል የነጣውና የሞተው በዚሁ ምክንያት ነው። ሰፊው ባሕር እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ 200 ሊትር ገንዳማ ምን ያህል ስስ እንደሆነ አስቡት።

ኮራል ለእኛም አገር ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በአፋር፣ በዳሎል አካባቢ ባለው ዝቅተኛ ቦታ፣ ከመቶ ሺህ ዓመት በፊት ቀይ ባሕር ገብቶበት በነበረ ጊዜ የበቀለ ኮራል ዛሬም ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ይታያል። ባሕሩ ተቆርጦ ሲቀር ውሃው በፀሐይ ተነነ፣ ጨው ቀረ። የሚቀጥለው ነጥባችንም ይኸው ነው።

2. ወጥ ሲንተከተክ ጨው ይጨመርበታል?

ወጥ እሳት ላይ ቆይቶ መረቁ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ምንም ጨው ሳንጨምር ይመረናል። ታዲያ ምን እናደርጋለን? የፈላ ውሃ ጠብ እናደርግበታለን እንጂ ጨው አንጨምርም። ገንዳውም እንዲሁ ነው። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም።

በቁጥር እንየው። የተለመደው የባሕር ውሃ በአንድ ኪሎ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። የአደን ባሕረ ሰላጤ ወደ 36 ይጠጋል፤ የቀይ ባሕር ሰሜኑ ክፍል 40 ይደርሳል። 200 ሊትር ገንዳ ውስጥ 7 ኪሎ ያህል ጨው አለ ማለት ነው። በአደን ሙቀት፣ ቬንትሌተር ሲነፍስበት፣ በቀን 4 ሊትር ተነነ እንበል። በሳምንት 28 ሊትር ይሆናል። ያንን 28 ሊትር እንደ እኔ በጨው ውሃ ከሞላችሁት፣ 980 ግራም ተጨማሪ ጨው ገባ ማለት ነው። ጨዉ ከ35 ወደ 40 ይወጣል። ሌላ ሳምንት ከተደገመ 45 ገደማ ይደርሳል። የእኔ ዓሦች የሞቱት እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ ውሃ ተንኖ ሲጎድል ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ሙሉ። ውሃ ቀድታችሁ ስታወጡ ግን በጨው ውሃ ተኩ። ምክንያቱም ቀድታችሁ ስታወጡ ጨዉም አብሮ ይወጣል።

በገንዳው ጎን ላይ፣ ውሃው ሙሉ ሲሆን የሚደርስበት ቦታ ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፉ። በየጠዋቱ እስከዚያ መስመር ሙሉ። በየቀኑ ትንሽ መሙላት፣ በሳምንት አንዴ ብዙ ከመድፋት ይሻላል።

ጨዉ ከፍ ካለ ደግሞ በአንድ ቀን አታውርዱት። በቀን ከ1 ግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከ40 ወደ 39 ለማውረድ ከ200 ሊትር ገንዳ 5 ሊትር ቀድቶ አውጥቶ፣ በምትኩ 5 ሊትር ጨው የሌለው ንጹሕ ውሃ ቀስ አድርጎ ማስገባት ይበቃል። በማግስቱ ለክቶ እንደገና። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህም ይሠራል።

3. እርሾውን አትጠቡት

ዓሣ ይበላል፣ ይጸዳዳል። የተረፈ ምግብም ይበሰብሳል። ከዚህ ሁሉ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። በባሕር ሰፊ ስለሆነ ይበተናል፤ በገንዳ ግን ይከማቻል። የሚያድነው በዓይን የማይታይ ባክቴርያ ነው። አንደኛው ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሁለተኛው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ናይትሬት ጉዳቱ የቀለለ ነው፣ ውሃ በመቀየርም ይቀንሳል።

እነዚህ ባክቴርያዎች የሚኖሩት በድንጋዩ፣ በአሸዋውና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ነው። አዲስ ገንዳ ላይ በበቂ ሁኔታ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ልክ እንደ እንጀራ እርሾ ቁጠሩት። የቡሖ ዕቃውን በሳሙና ፈትጎ ያጠበ ሰው እርሾውን ከየት ያመጣል? ስፖንጁም ቆሽሾ ስታዩት በቧንቧ ውሃና በሳሙና አትጠቡት። ከገንዳው ራሱ በባልዲ ውሃ ቅዱና በዚያ ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት፤ የቆሸሸውን ውሃ ድፉት። ሁለት ስፖንጅ ካለ አንዱን በዚህ ሳምንት፣ ሌላውን በሚቀጥለው።

ምግብም መጠን አለው። ዓሦቹ በሁለት በሦስት ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ ስጧቸው። ዓሣ ሁልጊዜ የራበው ይመስላል፤ አትዘኑለት። የሞተ ዓሣ ካያችሁ ወዲያውኑ አውጡት፤ እስከ ማታ ከቆየ ሌላውን ይዞ ይሄዳል።

4. የትኛው ውሃ? የትኛው ጨው?

የአደን የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በአብዛኛው ከከተማው ወጣ ብለው፣ በላሕጅና በአብየን በኩል ካሉ ጉድጓዶች ነው። ቤት ደርሶ ደግሞ በጣራ ታንከር ይቀመጣል። ለማጠቢያ ይሆናል፣ ለኮራል ግን አይሆንም። ክሎሪን፣ ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ አንዳንዴም ከቱቦ የሚመጣ መዳብ ይኖርበታል። ክሎሪኑ ውሃው በባልዲ ተከፍቶ አንድ ቀን ሲቆይ ሊበርር ይችላል፤ መዳቡ ግን አይበርርም። መዳብ በጣም ጥቂት እንኳ ቢሆን ኮራልን፣ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ይገድላል። ስለዚህ በማጣሪያ መሣሪያ ያለፈ ወይም የተጣራ መሆኑ የታወቀ ውሃ እንዲገዛ ጠይቁ።

ጨዉስ? የወጥ ጨው አይሆንም። አደን ከጥንት ጀምሮ የጨው ማምረቻ አላት፤ የባሕር ውሃ በፀሐይ እየደረቀ የሚወጣ ነው። «ከባሕር የወጣ ነው፣ ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። ውሃው ሲደርቅ ማዕድናቱ ሁሉ እኩል አብረው አይረጉም፤ ተለቅሞ የሚሸጠው አብዛኛው የምግብ ጨው ብቻ ነው። ካልስየሙና ማግኒዥየሙ በአብዛኛው ተለይቶ ይቀራል። ለኮራል ሁሉም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለኮራል ገንዳ ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው ብቻ ተጠቀሙ፣ በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን መጠን ጠብቁ። ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሊትር ከ35 እስከ 40 ግራም ነው። ጨዉን በቀጥታ ገንዳው ውስጥ ፈጽሞ አትበትኑ። በተለየ ባልዲ በጥብጣችሁ፣ በትንሽ ፓምፕ እያዟዟራችሁ አሳድሩት፣ ጨዉንና ሙቀቱን ለኩ፣ ከዚያ አስገቡ። በየሳምንቱ ከገንዳው አሥር እጅ አንዱን፣ ማለትም ከ200 ሊትር 20 ሊትር መቀየር ጥሩ ልማድ ነው።

አንዳንድ ባለቤቶች የባሕር ውሃ በጀሪካን ያስመጣሉ። ከወደብና ከፍሳሽ መውጫ አጠገብ የተቀዳ ከሆነ አደገኛ ነው። ሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. በቡረይቃ ዳርቻ አጠገብ አንድ ያረጀ የዘይት መርከብ ሰምጦ ዘይት ወደ ባሕሩ እንደፈሰሰ ይታወቃል። ከዚህም ሌላ ከሰኔ እስከ መስከረም በሚነፍሰው የወቅቱ ነፋስ ምክንያት በአደን ባሕረ ሰላጤ ከታች ቀዝቃዛና ምግብ የበዛበት ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ያ ውሃ ለዓሣ አጥማጅ በረከት ነው፤ በገንዳ ውስጥ ግን አልጌ ያበዛል። የሚሸት ወይም ላዩ ላይ የቅባት ቀለም ያለበት ውሃ ቢመጣላችሁ አታስገቡ፤ አስቀድማችሁ ለባለቤቱ ንገሩ።

ክሬተር ያሉትን የጥንት የጠዊላ ገንዳዎች ያያችሁ ታውቃላችሁ። ከሸምሳን ተራራ የሚወርደው ዝናብ ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው ሲወርድ ድንጋዩና ደለሉ ላይኛው ላይ ይቀራል። የቀዳችሁትን ውሃም እንዲሁ አድርጉት፤ አንድ ሌሊት ይርጋ፣ ከላይ ከላይ ቅዱ፣ ዝቃጩን ተዉት።

5. መብራት ሲጠፋ

ለኮራል የሚስማማው ሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም የአደንን ሙቀት ታውቁታላችሁ። መብራት ለብዙ ሰዓት ሲጠፋ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ውሃው ይሞቃል፣ አየርም ያጣል። ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ካያችሁ አየር አጥሯቸዋል ማለት ነው። ይህን አድርጉ፦

ሀ) ምግብ አትስጡ።

ለ) በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ካለ ክፈቱ። ከሌለ በንጹሕ ኩባያ ከገንዳው እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ። በየአሥር በየአሥራ አምስት ደቂቃው ለጥቂት ደቂቃ ደጋግሙት።

ሐ) ክዳኑን ክፈቱ፣ ፀሐይ ከመስኮት እንዳይገባ መጋረጃ ዝጉ።

መ) ውሃ ሞልታችሁ በደንብ የተከደነ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሁልጊዜ ፍሪዘር ውስጥ ይኑር። ሙቀቱ 28 ሲያልፍ አንዱን ጠርሙስ ገንዳው ውስጥ አንሳፍፉ። በረዶውን ራሱን አትጨምሩ። በሰዓት ከአንድ ዲግሪ በላይ እንዳይወርድ ተጠንቀቁ።

ሠ) ጄኔሬተር ካለ ቤት ውስጥ ወይም በተዘጋ በረንዳ አታስነሡ። ጭሱ ሰው ይገድላል፤ ከዓሣ የእናንተ ነፍስ ትበልጣለች።

6. ማወቅ ያለብን ቁጥሮች

የመለኪያ ዕቃ በቤቱ ካለ ባለቤቱ አንዴ ያሳያችሁ። የሚፈለገው ይህ ነው፦

ጨው፦ 35 ግራም በኪሎ፤ በሃይድሮሜትር ከ1.025 እስከ 1.026
ሙቀት፦ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ
ፒኤች፦ ከ8.1 እስከ 8.4
አሞኒያና ናይትራይት፦ 0
ናይትሬት፦ በሊትር ከ10 ሚሊግራም በታች
ፎስፌት፦ በሊትር ከ0.1 ሚሊግራም በታች
አልካሊኒቲ፦ ከ8 እስከ 11 ዲኬኤች
ካልስየም፦ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም
ማግኒዥየም፦ በሊትር ከ1250 እስከ 1350 ሚሊግራም

የመጨረሻዎቹን ሦስት ኮራሉ አጥንቱን ለመሥራት ይጠቀምባቸዋል። ቢጎድሉ በጠርሙስ ያለውን መድኃኒት በግምት አትጨምሩ። ቁጥሩን ለባለቤቱ ንገሩ፣ እሱ ያዘዘውን መጠን ብቻ ጨምሩ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ ገንዳን ብዙ የሚነካካ ሰው ራሱ ያበላሸዋል።

ቤት ስናጸዳም እንጠንቀቅ። ፍሊት ገንዳው ባለበት ክፍል አትንፉ፤ የአየር ፓምፑ ስቦ ውሃ ውስጥ ያስገባዋል። የበረኪና ባልዲ ለገንዳ አይሆንም፤ ለገንዳው የተለየ ባልዲ ምልክት አድርጋችሁ አስቀምጡ። መስታወቱን ከውጭ በሳሙና ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ዕጣኑንም ራቅ አድርጋችሁ አጭሱ።

7. ለራሳችን ጥንቃቄ

እህቶቼ፣ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት።

የጨው ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል። እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። ሶኬቱ እርጥብ ከሆነ አትንኩት፣ ከቆጣሪው አጥፉ።

አንዳንድ ኮራሎች፣ በተለይ እንደ ቁልፍ ክብ ክብ ሆነው የሚበቅሉት ዞዋንታይድ የሚባሉ ለስላሳዎች፣ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ ሊኖራቸው ይችላል። ከገንዳ የወጣን ድንጋይ «ላጽዳው» ብላችሁ በፍጹም አትቀቅሉ፣ የፈላ ውሃም አታፍስሱበት፣ በብሩሽ አትፈትጉ። እንፋሎቱን በመተንፈስ ብቻ ሙሉ ቤተሰብ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። ጓንት ይሰጣችሁ ዘንድ ጠይቁ። ድንጋዩን ከነካችሁ በኋላ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ፣ ትኩሳት ቢይዛችሁ፣ አፋችሁ ብረት ብረት ቢላችሁ ወዲያው ወጥታችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ፣ ኮራል መንካታችሁንም ተናገሩ።

እሾሁ እንደ ላባ የተዘረጋው ላየንፊሽ የሚባለው ዓሣ ቢወጋችሁ የተወጋውን ቦታ በሚቻል መጠን ሙቅ በሆነ፣ ነገር ግን በማያቃጥል ውሃ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ንከሩት፤ ሕመሙን ይቀንሳል። ከዚያ ሐኪም ይይ። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ገንዳ ውስጥ አታስገቡ። ለሳምንታት አልድን ያለ እብጠት ወይም ቁስል ካለባችሁ ለሐኪሙ «የዓሣ ገንዳ አጸዳለሁ» በሉት፤ በዓሣ ውሃ የሚመጣ ለየት ያለ ባክቴርያ አለ። ጎማውን በአፋችሁ ስባችሁ ውሃ አታስጀምሩ። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ከፋፍላችሁ ተሸከሙ።

8. ደብተር ያዙ

የየመን የ1995 እ.ኤ.አ. የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አይጨምርም። ስለዚህ ጥፋት ሲመጣ የምንከራከርበት ብዙ ወረቀት የለንም። አንድ ደብተር ግን መያዝ እንችላለን። በየቀኑ ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ ስንት ሊትር እንደሞላችሁ ጻፉ። መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ጻፉ። ችግር ስታዩ ለማዳም የነገራችሁበትንም ቀን ጻፉ። ስልክ ካላችሁ የገንዳውን ፎቶ በሳምንት አንዴ አንሡ።

ሁለተኛው ቤት ስገባ እንዲህ አደረግሁ። አንድ ቀን መብራት ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ጠፍቶ እስከ ንጋት ቆየ፣ ማለዳ ላይ አንድ ዓሣ ሞተ። ባባ ተቆጥቶ መጣ። ደብተሩን አሳየሁት። መብራት የጠፋበት ሰዓት፣ በየሰዓቱ ሙቀቱ፣ ሁለት ጠርሙስ በረዶ ማስገባቴ ሁሉ ተጽፏል። አንብቦ ዝም አለ። ከሦስት ቀን በኋላ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ገዝቶ መጣ። ከደመወዜ አንድ ሪያል አልተነካም።

እህቶች፣ ሥራውን የምናውቅ ከሆንን ፍርሃታችን ይቀንሳል። ይህን ወረቀት ገንዳ ላለበት ቤት ለምትሠራ እህት አስተላልፉላት። ማንበብ የማትችል ካለች አንብቡላት።

የክለሳ ጥያቄዎች

1. ውሃ ተንኖ ሲጎድልና ውሃ ቀድተን ስናወጣ የምንጨምረው ውሃ ልዩነቱ ምንድን ነው? ለምን?
2. 100 ሊትር ገንዳ 40 ግራም ጨው ቢኖረው፣ ወደ 39 ለማውረድ ስንት ሊትር እንቀይራለን?
3. ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ብናጥበው ምን እናጣለን?
4. በምትሠሪበት ቤት መብራት ዛሬ ማታ ቢጠፋ ፍሪዘር ውስጥ የተዘጋጀ ምን አለሽ?

(የ2ኛው ጥያቄ መልስ፦ ሁለት ሊትር ተኩል።)